ከኋላ የሚገፋው ባቡር፦ የአስመራ ዳገትና የአንድ እሳት አቀጣጣይ ትዝታ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አባቴ 86 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ አስመራ ገብተው በ1950ዎቹ በምጽዋ–አስመራ ባቡር ላይ እሳት አቀጣጣይ ሆነው ሠርተዋል። ዳገቱን ስለሚወጡበት ሁኔታ ሲተርኩ «አንዷ ከፊት ትስባለች፣ እኛ ከኋላ እንገፋለን» ይላሉ። ምህንድስና የሚማረው የወንድሜ ልጅ ግን ከኋላ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን ከሐዲድ ያስወጣ እንደነበር፣ በዚያ ዳገት ላይ ባቡሩን የሚያወጣው ጥርስ ያለው ሐዲድ ወይም የሚጎትት ገመድ መሆን እንዳለበት ይከራከራል። የአባቴን ትዝታ ለልጅ ልጆቻቸው በጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ይህን ክፍል ላውጣው ወይስ ላስተካክለው?

ምላሽ፦ አያውጡት፤ አያስተካክሉትም። አባትዎ የነገሩዎት አሠራር የእንፋሎት ዘመን ባቡሮች በዓለም ዙሪያ ዳገት ሲገጥማቸው የሚጠቀሙበት፣ ደንብና ምልክት የወጣለት መደበኛ ሥራ ነው። የወንድምዎ ልጅ ያነሳው ከሐዲድ የመውጣት አደጋ ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ በቦታው እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ከመንገዳችን መነሳት ያለባቸው ገመዱና ጥርሱ ናቸው።

ገመዱ በእርግጥ ነበረ፤ ባቡሩን ግን አልሳበም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጦርነቱ ዝግጅት ሲሉ ከምጽዋ እስከ አስመራ 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቴሌፈሪካ፣ ማለትም በብረት ምሰሶዎች ላይ የተወጠረ የአየር ገመድ ዘርግተው ጭነት በተንጠለጠሉ ሣጥኖች ያመላልሱበት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቃቅሏል። በዚያ አካባቢ የኖሩ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ስለሚያነሱ፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው «ባቡሩ በገመድ ይወጣ ነበር» የሚል አንድ ታሪክ ሆኖ ይቀላቀላል። ጥርስ ያለው ሐዲድ ደግሞ በምጽዋ–አስመራ መስመር ላይ ጨርሶ አልነበረም። ከባሕር ወለል ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚደርሰው ያ መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተወጣው ለስላሳ ብረት ለስላሳ ብረትን በመቆንጠጡ ብቻ ነው። መስመሩ ጊንዳዕ የገባው በ1904፣ ነፋሲት በ1910፣ አስመራ በ1911 (እ.ኤ.አ.) መሆኑን ስናስብ፣ የመጨረሻው ሽቅብ ጉዞ ምን ያህል ጊዜና ድካም እንደጠየቀ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንግባ። የመስመሩ ከፍተኛው ዘንበልታ 3.5 በመቶ ነው፤ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ጉዞ 3.5 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዶ የተመለሰ የጎንደር ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ዳገት ነው ለማለት ይቸገራል፤ የጭነት መኪና በዚያ ዘንበልታ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ያልፈዋል። ልዩነቱ ያለው መንኮራኩሩ ላይ ነው። የመኪና ጎማ አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል። የሎኮሞቲቭ መንኮራኩር ግን ብረት በብረት ላይ ስለሚሽከረከር፣ ሐዲዱ ደረቅና ንጹህ ሲሆን የሚይዘው በላዩ ካረፈው ክብደት ሩቡን ያህል ነው፤ ሐዲዱ ሲረጥብ ወደ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ብረቱ አለመያዙ በሜዳ ላይ በረከት ነው፤ ፉርጎ በትንሽ ኃይል የሚንከባለለው በዚያው ምክንያት ነው። ዳገት ላይ ያው በረከት ጠላት ይሆናል።

በቁጥር ላሳይዎት። 100 ቶን የሚመዝን ባቡር በሜዳ ለመንከባለል ግማሽ ቶን ያህል የመሳብ ኃይል ይበቃዋል። በ3.5 በመቶ ዳገት ላይ ግን ክብደቱ ራሱ በ3.5 ቶን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከመንከባለሉ ጋር ሲደመር 4 ቶን ይሆናል፤ ይህም የሜዳው ስምንት እጥፍ ነው። አሁን ለምሳሌ ክብደቷ በሙሉ በሚነዱት መንኮራኩሮች ላይ ያረፈ ባለ 40 ቶን ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። በደረቅ ሐዲድ 10 ቶን ያህል መሳብ ትችላለች፤ ከዚያ ውስጥ 1.6 ቶኑ ራሷን ለማውጣት ይሄዳል፤ በቀረው 8.4 ቶን 210 ቶን ፉርጎ ታወጣለች። ሐዲዱ ሲረጥብ የምትስበው 6 ቶን ነው፤ የራሷ ድርሻ ግን ያው 1.6 ነውና ለፉርጎ የሚተርፈው 4.4 ቶን፣ የምታወጣውም 110 ቶን ብቻ ይሆናል። የእንፋሎቱ ኃይል ሳይቀንስ፣ የነጂው ጥበብ ሳይጎድል፣ ሐዲዱ ስለረጠበ ብቻ ጭነቱ በግማሽ ያህል ወደቀ። ከጊንዳዕ ወደ ነፋሲትና ወደ አርባሮባ የሚወጣው ምሥራቃዊ ተዳፋት ደግሞ በበጋ ወራት ከቀይ ባሕር በሚነሳ ጉም የሚሸፈን፣ የደጋው ሰው በሚደርቅበት ጊዜ እሱ የሚረጥብ አገር ነው። አባትዎ ስለ ጉሙና ስለ አሸዋው ካነሱ (የዚያ ዘመን ሎኮሞቲቭ ከመንኮራኩሩ ፊት ሐዲዱ ላይ የሚያፈስሰው ደረቅ አሸዋ ይጭን ነበር) ስለዚህ ነው የሚናገሩት።

እንግዲህ ጭነቱ ከአንዷ ማሽን አቅም ሲያልፍ መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው ባቡሩን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን እስከ ቀጣዩ ጣቢያ ማድረስና ለቀሪው መመለስ ነው። ያለ ተጨማሪ ማሽን ይሠራል፤ ነገር ግን መስመሩን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፤ ዳገት ላይ ቆመው የሚቀሩት ፉርጎዎችም ፍሬናቸው በእጅ ተጠብቆ፣ ከመንኮራኩራቸው ሥር ታኮ ገብቶ፣ ሰው ተመድቦ ካልተጠበቁ ማምለጥ አለ። ሁለተኛው ሁለት ሎኮሞቲቮችን ከፊት ማሰለፍ ነው። ሦስተኛው አባትዎ የነገሩዎት፣ አንዷን ከፊት፣ ሌላዋን ከኋላ ማድረግ ነው።

የወንድምዎ ልጅ «ለምን ሁለቱም ከፊት አይስቡም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው በማያያዣው ላይ ነው። ሁለቱም ከፊት ከሆኑ የመላው ባቡር ክብደት የሚንጠለጠለው በመጀመሪያው ፉርጎ መንጠቆ ላይ ነው። መንጠቆ የሚበጠሰው ደግሞ ሜዳ ላይ አይደለም፤ ዳገት ላይ፣ ነጂው ከቆመበት ሊያስነሳ እንፋሎቱን ሲከፍት ነው። ያን ጊዜ የተለየው ጭራ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሁለተኛዋ ከኋላ ስትሆን ግን ሸክሙ ይከፈላል፤ የፊተኛዋ የፊቱን ግማሽ ትስባለች፣ የኋለኛዋ የኋላውን ግማሽ ትገፋለች፣ መሐል ላይ ያለው መንጠቆ ከሞላ ጎደል ያርፋል። መንጠቆ ቢበጠስ እንኳ ጭራው የሚያርፈው በገፊዋ ላይ ነው። የሊማሊሞን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሰው ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገፊ ሎኮሞቲቭ ጉልበትም ታኮም ናት።

አሠራሩ የታወቀ ለመሆኑ ምስክር ካስፈለገ፣ በእንግሊዝ አገር ብሮምስግሮቭ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሊኪ የሚባል ዳገት አለ። በ1840 የተከፈተ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ርዝመቱ 3.2 ኪሎ ሜትር፣ ዘንበልታው 2.65 በመቶ ያህል ነው፤ ከአስመራው ዳገት ይለዝባል፣ በርዝመትም አይወዳደርም። ሆኖም ከባድ ባቡር ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ገፊ ይጠብቅ ነበር። ለዚሁ ሥራ ብቻ በ1919 በደርቢ የተሠራች፣ አሥር የሚነዱ መንኮራኩሮችና አራት ሲሊንደሮች ያሏት፣ ሠራተኞቹ «ቢግ በርታ» ያሏት ማሽን እስከ 1956 ድረስ ዕድሜዋን በሙሉ ያንኑ 3.2 ኪሎ ሜትር ስትገፋና ስትመለስ ኖራለች። በሌሊት ከባቡሩ ጭራ ጋር ስትገናኝ እንዳትላተም የኤሌክትሪክ መብራት ተገጥሞላት ነበር። እዚያ ገፊዎቹ ከባቡሩ ጋር አይታሰሩም ነበር፤ ጭራውን ተደግፈው ይገፋሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ እንፋሎት ዘግተው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ባቡሩም ሳይቆም መንገዱን ይቀጥላል። በሌሎች አገሮች በመንጠቆ የሚታሰሩበትም አሠራር ነበረ፤ እሱ ለደኅንነት ይሻላል፣ ነገር ግን ጫፍ ላይ ለመፍታት መቆም ግድ ነው። ለአባትዎ ትዝታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጣሊያኑ የጆቪ ዳገት ነው። ከጄኖቫ ወደብ ወደ ሰሜን የሚወጣው ያ መስመር እንደ አስመራው ዘንበልታው እስከ 3.5 በመቶ ይደርሳል። በ1938 ለኤርትራ ባቡር 442 የተባሉትን ሎኮሞቲቮች የሠራው አንሳልዶ ፋብሪካም የጄኖቫ ነው። የአስመራን መስመር የዘረጉት ሰዎች ዳገትን የተማሩት በአገራቸው ዳገት ነበር።

አሁን የተማሪው ሥጋት። በሚገፋ ባቡር ውስጥ ፉርጎዎቹ ተጨምቀው ነው የሚሄዱት። ሐዲዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ችግር የለም፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ግፊቱ ፉርጎውን ወደ ኩርባው ውጭ ለማስፈንጠር ይሞክራል፤ ባዶ ወይም ቀላል ፉርጎ ከመሐል ካለ ሊያነሳው ይችላል። የአስመራው መስመር ሐዲድ ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እስከ 70 ሜትር ራዲየስ የሚወርዱ ኩርባዎች አሉት። ስለዚህ አደጋው እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን መግፋትን መተው ሳይሆን ሥርዓት ነው፦ ባዶና ቀላል ፉርጎ ትልቁ ግፊት በሚያርፍበት ቦታ እንዳይገባ ባቡሩን ማሰለፍ፣ የሚገፋውን ክብደት መወሰን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኋለኛው ነጂ ከፊተኛው ጋር መስማማት። የፊተኛው ፍሬን ይዞ የኋለኛው ሳያውቅ ቢገፋ፣ ያኔ ተማሪው የፈራው ይደርሳል። ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ሁለቱ የሚነጋገሩት በፊሽካ ነበር። ለመነሳት፣ ለመቆም፣ እንፋሎት ለመዝጋት የየራሱ ምልክት ነበረው፤ የኋለኛው በፊሽካ ካልመለሰ የፊተኛው አይነሳም። አባትዎ የፊሽካውን ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ በአፋቸው ማሰማት ከቻሉ፣ ያ በየትኛውም ሰነድ ዋጋ የማይተመን ነገር ነውና እንዳያመልጥዎት።

ጭሱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የገፊ ባቡር ሠራተኛ ትዝታ ውስጥ ከድካሙ የሚብሰው እሱ ነው። መስመሩ ዋሻ የበዛበት ነው። ፊተኛዋ ዋሻውን በጭስ ሞልታው ካለፈች በኋላ ነው ኋለኛዋ የምትገባው፤ እርጥብ ጨርቅ በአፍና በአፍንጫ ላይ አድርጎ ወለሉ ድረስ ማጎንበስ የእንፋሎት ሠራተኞች የዘወትር ልማድ ነበር። ይህ የምቾት ጉዳይ አልነበረም። በ1944 በደቡብ ጣሊያን ባልቫኖ አጠገብ ሁለቱም ሎኮሞቲቮች ከፊት የተሰለፉለት ባቡር ዳገታማ ዋሻ ውስጥ መንኮራኩሩ እየተንሸራተተ ቆሞ፣ ከ500 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞተዋል። የጆቪ ዳገትም ከ1910 ጀምሮ ወደ ኤሌክትሪክ ከተዛወረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የዋሻ ጭስ ነበር። ስለዚህ አባትዎ ስለ ዋሻው ሲያወሩ ድንገት ዝም የሚሉ ከሆነ አይጎትጉቷቸው።

ትዝታ የራስ ይሁን ከሌላ የተሰማ እንዴት እንደሚለይ ባይጠይቁም፣ ጥያቄዎ ውስጥ ስላለ እመልሳለሁ። የሠራ ሰው የሚያስታውሰው ተመልካች የማያየውን ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሎኮሞቲቭ ቦይለር የተኛ በርሜል ነው፤ ከኋላው የእሳት ሣጥኑ አለ፤ የሣጥኑን ጣሪያ ውሃ ሁልጊዜ መሸፈን አለበት። ጭስ ማውጫዋ ወደ ዳገቱ ሆኖ ስትወጣ ውሃው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ጣሪያው በደንብ ይሸፈናል፤ የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው መለኪያ ብርጭቆም «ውሃ ሞልቷል» ይላል። ጫፍ ደርሳ ስትስተካከል ግን ውሃው ወደ ፊት ይመለሳል፤ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ቦይለር በ3.5 በመቶ ዘንበልታ የጫፍና የጫፍ ልዩነቱ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ብርጭቆውን አምኖ ውሃ ያላስገባ እሳት አቀጣጣይ፣ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ የእሳቱ ጣሪያ ይራቆትበታል፤ የተራቆተ ጣሪያ በሙቀት ለስልሶ ሊደረመስ፣ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ «እኔ የምፈራው ዳገቱን ሳይሆን የዳገቱን መጨረሻ ነበር» ቢልዎት፣ ያ ሰው ምድጃው ፊት ቆሟል። ይህን ከወሬ ማግኘት አይቻልም።

ድምፁም እንዲሁ ይመሰክራል፣ በጥንቃቄ ከተያዘ። 442ዎቹ ማሌ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የመንኮራኩር ቡድኖች አሏቸው፣ የፊተኛው ቡድን ለኩርባው እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ነው። እንፋሎቱ መጀመሪያ የኋለኛውን ቡድን ሲሊንደሮች፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ሰፋፊ ሲሊንደሮች ነድቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ከአንዷ 442 የሚሰማው አንድ ተከታታይ ምት ነው። በዳገቱ ላይ ሁለት ምት ሲገናኝና ሲለያይ ይሰማ እንደነበር ከተረኩ፣ በአብዛኛው የሰሙት ሁለት ሎኮሞቲቮችን ነው። መስመሩ ላይ ሌሎች ዓይነት ማሌዎችም ስለነበሩ ግን የማሽኗን ቁጥር ሳይጠይቁ ከድምፁ ብቻ አይደምድሙ።

ትዝታ የሚሳሳተው በሌላ በኩል ነው፦ በዓመተ ምሕረት፣ በፉርጎ ብዛት፣ በፍጥነት፣ እንዲሁም «ሁልጊዜ» በሚለው ቃል። ገፊ የሚያስፈልገው ለከባድ ጭነትና ለክፉ ቀን ነው፤ ሊቶሪና የተባለችው የመንገደኛ ባቡር ለምሳሌ በራሷ ሞተር ብቻዋን ትወጣ ነበር። ደግሞ ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ሥራው መግፋት ሳይሆን ፍሬን መያዝ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። አባትዎ «ወደ ከረን በኩልም ዳገት ነበረ» ካሉ ተሳስተዋል አይበሉ፤ ከረን ከአስመራ በ900 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናትና፣ ከዚያ በኩል ወደ አስመራ የሚመለሰውም ባቡር ሽቅብ ነው የሚመጣው።

የሽማግሌ ቃል ለቴክኒክ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም ለሚል ሰው ደግሞ የዚሁ መስመር ታሪክ ይመልስለታል። ባቡሩ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጦርነቱ ምክንያት ቆሞ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሏል። በ1990ዎቹ መልሶ ሲዘረጋ፣ ማሽኖቹን ከዝገት ያስነሱትና ለወጣቶቹ ያሳዩት ጡረታ የወጡት የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፣ እጃቸው ግን አልረሳም። በ2003 መስመሩ እንደገና አስመራ ደርሷል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የአባትዎን ቃል በራሳቸው አነጋገር፣ «እኛ ከኋላ እንገፋለን» ያሉትን ሳይለውጡ ይጻፉት፤ የእርስዎን ማብራሪያ ከእሳቸው ቃል ለይተው ከሥሩ ያስቀምጡ፤ እሳቸው ያልተናገሩትን ቁጥር፣ ከዚህ ምላሽ የወሰዱትንም ጭምር፣ በአፋቸው አያስገቡ። ነገ ዛሬ ሳይሉ በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ። በዚያ ዕድሜ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ በማግሥቱ ይቀጥላሉ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብለው አይጀምሩ፤ ቀኑን በኋላ ከጋብቻቸው ወይም ከልጅ መወለድ ጋር እያያያዙ ያገኙታል። የ442ን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትመው ፊታቸው ያስቀምጡ፤ ጣቢያዎቹን ከጊንዳዕ እስከ አስመራ በወረቀት ላይ እንዲሥሉ ይጠይቋቸው፤ ፊሽካውን በአፋቸው ያሰሙ። የወንድምዎን ልጅም አብሮ ያስቀምጡት፤ የኩርባውን ጥያቄ ራሱ ይጠይቅ፣ መልሱን ከሠሩት ሰው ይስማ። ቅጂው በአንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ደግሞ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያቅርቡ።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ «አባባ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል የውሃው ብርጭቆ ምን ያሳይ ነበር? እርስዎስ ምን ያደርጉ ነበር?» ከዚያ አያቋርጧቸው። እጃቸው አካፋ የጨበጠ መስሎ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ፈቃዳቸውን አስቀድመው ጠይቀው ከሆነ፣ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮም ይቅረጹ።